ከድሬዳዋ እስከ ሐረር በሞተር፦ ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ሞተር ሳይክል አመራረጥ፣ አነዳድና አያያዝ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን በመካከላቸው ያለው የአስፋልት መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው የድሬዳዋ ሰፈር ከሆነው ከከዚራ የዛፍ ጥላ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ኩርባዎች ሽቅብ ይወጣል፤ ዳገቱ ሲያልቅ ፊቱን የሚነካው አየር መቀዝቀዙን ይገነዘባል፤ ከዚያም ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ከጁገል ግንብ ደጃፍ ይደርሳል። ከአስፋልት መውረድ ያማረው እንደሆነ ከድሬዳዋ በስተሰሜን የሽኒሌ አሸዋማ ሜዳ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚያወርዱ የጠጠር መንገዶች አሉለት። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል የአየርና የመሬት ለውጥ የሚያሳይ መንገድ እኔ የማውቀው ጥቂት ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት የመጀመሪያ ሞተሩን ሊገዛ ላሰበ ሰው፣ እንዲሁም ሞተሩን ለሥራ ብቻ ሲጠቀምበት ኖሮ አሁን ለደስታውም ሊነዳው ለሚፈልግ ሰው ነው። በዚህ መንገድ ላይ ለዓመታት ስመላለስ የተረዳሁት፣ እስከ መጨረሻው ደስ ብሎት የሚነዳው ሰው የሞተሩን ድምፅ፣ ፍሬንና ሰንሰለት በገዛ እጁ የሚያውቀው ሰው መሆኑን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ዕውቀት የሚያደርስ ነው።

የትኛው ሞተር?

ገበያው ላይ የሚያገኟቸው ሞተሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለአስፋልት የተሠሩት ናቸው፤ መቀመጫቸው ዝቅ ያለ፣ የጎማቸው ጥርስ ጥልቀት የሌለውና አሞርዛተራቸው አጭር ነው። ሁለተኛዎቹ ለአፈር ውድድር ብቻ የተሠሩ ሲሆኑ መብራት፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ ስለሌላቸው በሕዝብ መንገድ ላይ ሊነዱ አይገባም። ሦስተኛዎቹ ሁለቱንም አዳብለው የያዙ ናቸው። ይህ የድብልቅ አሠራር በሰፊው የታወቀው ያማሃ በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 250 ሲሲ የሆነውን ዲቲ 1 ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሲሆን፣ የእርሱ ታናናሽ የሆኑት ዲቲ 125 እና ለእርሻ ሥራ የተሠሩት ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 በአገራችን ገጠር በግብርና ባለሙያዎችና በጤና ሠራተኞች እጅ ብዙ ዘመን አገልግለዋል።

በእኔ ግምት በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ የሚኖርና አንድ ሞተር ብቻ ለመያዝ አቅም ያለው ሰው ከ150 እስከ 200 ሲሲ የሆነ፣ ባለ አራት ምት (ማለትም ዘይትን ከቤንዚን ጋር የማያቃጥል)፣ ድብልቅ ሞተር ቢገዛ አይቆጭም። 125 ሲሲ ለከተማ በቂ ነው፤ ሆኖም ሁለት ሰው ጭኖ ደንገጎን ሲወጣ በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ ይዘልቃል። ምክንያቱ የዳገቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየርን በሚቀላቅል ዕቃ፣ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ድሬዳዋ ላይ በትክክል የተስተካከለ ቢሆንም እንኳ ከፍታው ላይ ሲደርስ የቤንዚኑ መጠን ከአየሩ ይበልጥበትና ጥቁር ጢስ ሊያወጣ፣ ፍጥነት ሲጨምሩበትም ሊያንቀው ይችላል። የቤንዚን ርጭቱን በኮምፒውተር የሚቆጣጠር ሞተር ይህን ልዩነት ራሱ ያስተካክላል። ባለ ካርቡራተር የያዙ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚውሉበት ከተማ ድሬዳዋ ይሁን ሐረር ለመካኒኩ አስቀድመው ይንገሩት።

ስለ ኤጂ ሞተሮች አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ሰንሰለታቸው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ያለ በመሆኑ የሽኒሌ አሸዋ አይበላውም፤ መልካቸው የማይማርክ ቢመስልም ለዚህ አቧራ የታሰበ አሠራር ነው።

የመቀመጫውን ከፍታ ሳይፈትሹ ገንዘብ አይክፈሉ። ሞተሩ ላይ ተቀምጠው የሁለቱም እግሮችዎ ጣቶች መሬት በጽናት መርገጥ ካልቻሉ፣ አሸዋ ውስጥ ሲቆሙ ወይም ዳገት ላይ ሲዞሩ የሞተሩን ክብደት መሸከም ያቅትዎታል።

ያገለገለ ሞተር ሲገዙ

አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለ ሞተር ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሻጩን ሞተሩን አስነሥቶ እንዳይጠብቅዎ አስቀድመው ይለምኑት፤ የሞተር ሕመም የሚታወቀው ከቀዝቃዛ ሲነሣ ነውና። እንደ ደረሱ እጅዎን ወደ ሞተሩ አካል አስጠግተው መቀዝቀዙን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ያስነሡትና ከማርሚታው የሚወጣውን ጢስ ይመልከቱ። ባለ አራት ምት ሞተር ሰማያዊ ጢስ የሚያወጣ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ማለቁን ያመለክታል። ባለ ሁለት ምት ግን ዘይትን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል በመሆኑ ጥቂት ጢስ ለእርሱ ተፈጥሮው ነው።

ቀጥለው የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥተው መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ያዙሩት። መሐል ላይ ሲደርስ የሚይዝ ወይም የሚንጓጓ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ያወዛውዙት፤ ልል ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ራጂዎቹን በእርሳስ ወይም በትንሽ ብረት አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጓቸው፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የላላው ዝም ይላል። ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርስም ይመልከቱ፤ የጥርሶቹ ጫፍ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ከተቆለመመ ሰንሰለቱንና ሁለቱን ጥርሶች በአንድነት መቀየር ግድ ይሆናል፤ ይህንንም በዋጋው ላይ ያስቡት።

እኔ ሁለተኛ ሞተሬን ስገዛ ቀለሙ አዲስ መሆኑን አይቼ ተደስቼ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመሪው በታች ሻንሲው ተሰንጥቆ የተበየደ መሆኑን አንድ አረጋዊ መካኒክ አሳዩኝ። «አቦ፣ ልጄ፣ አዲስ ቀለም ካየህ ሥሩን ፋቅ አድርገህ እይ» ያሉኝን ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም። ስለዚህ በመሪው አንገት፣ በመቀመጫው ሥርና በእግር መርገጫዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን ብየዳ በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ፤ የፋብሪካው ብየዳ እኩልና የተደረደረ ሲሆን የኋላው ብየዳ ጉብ ጉብ ያለ ነው።

የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ራስዎ ያንብቡ፤ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑንም ስም ከማዛወርዎ በፊት በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ታርጋ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ለሞተር ሳይክል የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ሳይሟሉ ለደስታ ብለው የሚወጡበት ጉዞ በመጀመሪያው ፍተሻ ላይ ያበቃል።

ስለ አልባሳት

የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን በነጠላ ጫማና በአጭር እጅጌ እንዲነዳ ይጋብዛል። ይህን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም አዝናለሁ። ሄልሜት ከሁሉ ይቀድማል፤ ጉንጭን አጥብቆ የሚይዝ፣ ራስዎን ሲነቀንቁ ለብቻው የማይዞር፣ የደኅንነት ፍተሻ ማለፉን የሚያሳየው የኢ.ሲ.ኢ. ምልክት ያለበት ይምረጡ። አንድ ጊዜ ከባድ ምት የደረሰበት ሄልሜት ከውጭ ምንም ባይታይበትም ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ሽፋን ተጨፍልቆ ስለሚቀር ሁለተኛ አያድንም። ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም የራሱ ሊኖረው ይገባል። ለሙቀቱ መፍትሔው ልብስ ማውለቅ ሳይሆን አየር የሚያስገባ የወንፊት ጃኬት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና በቂ ውኃ መያዝ ነው፤ ላብን የሚያደርቀው ንፋስ ጥማትዎን ይሰውረዋልና ሳይጠማዎ ይጠጡ።

በአሸዋና በጠጠር ላይ

ጀማሪ ሰው መጀመሪያ በአስፋልት ላይ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ፍሬንን ሳያስብ ማዘዝ እስኪችል ድረስ መለማመድ አለበት። ለዚህ የእሑድ ማለዳ የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ይመቻሉ። ከዚያ በኋላ ግን ከአስፋልት ወርደው ጠጠር ላይ እንዲለማመዱ እመክራለሁ፤ ጎማ ከሥር ሲንሸራተት ሰውነቱን ሳያደርቅ መቆየት የለመደ ሰው አስፋልት ላይ ዘይት ወይም አሸዋ ቢያጋጥመው አይደናገጥም።

በአሸዋ ላይ ሲነዱ በእግር መርገጫዎቹ ላይ ቆመው ጉልበትዎን ትንሽ አጥፈው፣ ክብደትዎን ወደ ኋላ ይውሰዱ። መሪውን አጥብቀው አይያዙት፤ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ መዋኘቱ አይቀርም፣ ሊከለክሉት ሲሞክሩ ነው የሚጥልዎ። ፍጥነትዎን አንድ ወጥ አድርገው ይቀጥሉ፤ ድንገት ቤንዚን መቀነስ የፊት ጎማውን አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል። የፊት ፍሬኑን በአንድ ጣት ብቻ በዝግታ ይንኩ፣ አብዛኛውን ማቆም ለኋላው ይተዉ። ባለ ጥርስ ጎማ ካለዎት ንፋሱን ወደ 18 ወይም 20 ፒ.ኤስ.አይ. ማውረድ አሸዋውን ይበልጥ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ አስፋልት ከመውጣትዎ በፊት ግን የሞተሩ መጽሐፍ ወደሚያዘው ልክ በመንፊያ ይመልሱት። ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

ግመል ሲያጋጥምዎ ክላክስ አያሰሙ፣ ሞተሩንም አያስጩኹ። ፍጥነት ቀንሰው እረኛውን ሰላም ብለው በምልክት እንዲያሳልፍዎ ይጠብቁ፤ በመንጋውና በእረኛው መካከል፣ በተለይም በእናትና በግልገል መካከል ፈጽሞ አይለፉ።

ሌላው ደረቅ ወንዝ ነው። የአሸዋው ወለል ለሞተር የተነጠፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በላይኛው ደጋ የዘነበ ዝናብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወርዶ ይሞላዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጎርፍ የድሬዳዋ ሰው አልረሳውም። በክረምት ወራት በወንዝ ውስጥ አይንዱ፣ ለዕረፍትም ሞተርዎን በዚያ አያቁሙ፤ የሚፈስ ውኃ ካገኙ እስኪጎድል ከዳር ሆነው ይጠብቁ።

ደንገጎ

ወደ ሐረር ለመሄድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይነሡ። አንደኛው ምክንያት ሙቀቱ ነው፤ ሁለተኛውና ዋነኛው ግን የጫት መኪኖች ናቸው። ጫት ትኩስነቱን ሳያጣ ገበያ መድረስ ስላለበት ከአወዳይ የሚነሡ መኪኖች በፍጥነት ይወርዳሉ፤ ሲብስም ኩርባውን ቆርጠው የእርስዎን መስመር ይዘው ይመጣሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል በሚከበርባቸው ሰሞናት ደግሞ ወደ ቁልቢ የሚወስደው መንገድ ከዚሁ ከደንገጎ ስለሚገነጠል መንገደኛውና መኪናው እጅግ ይበዛል፤ በእነዚያ ቀናት ለደስታ መንዳት አይመከርም።

ኩርባን በሥርዓት መዞር በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ከመጀመሩ በፊት፣ ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ከዚያ ዓይን ከፊት ጎማው ሥር ተነሥቶ ኩርባው ወደሚያልቅበት ይሻገራል፤ ሞተር ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳልና ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ ይሳባል። በመጨረሻም ሞተሩ በዝንባሌ ይዞራል፤ ወደ ቀኝ ለመዞር የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደ ፊት ቀስ ብለው ይግፉት፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህ ለሰሚው ግራ ቢመስልም ባዶ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሞክሩት ወዲያው ይገባዎታል። ወደ ግራ በሚታጠፍ የማይታይ ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ አይሳቡ፤ ሞተሩ ሲያዘነብል ራስዎ የመሐሉን መስመር አልፎ ከሚመጣው መኪና ፊት ይሆናል። በቀኝ በኩል ሰፋ አድርገው ይዙሩ፤ የመንገዱ ጠርዝ ላይ የሚጠራቀመውን ጠጠር ግን ይጠንቀቁ።

መውጣቱ ጉልበት ይፈልጋል፤ መውረዱ ግን ችሎታ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ከደንገጎ ሲወርድ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ፣ አንዳንዱም ሞተሩን አጥፍቶ ይለቀዋል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ሞተሩ ከጎማው ጋር ሲለያይ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል፤ ፍሬን ደግሞ የሚሠራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። የታንቡር ፍሬን ሸራ ሙቀቱ ሲበዛበት መያዙን ያጣል። የዲስክ ፍሬን ዘይትም ቢሆን ይፈላል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ቢችልም፣ ከአየር ውስጥ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ስለሚፈጥር እጀታው ተስቦ መሪው ድረስ ይመጣል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱን ሽቅብ ሲመጡ በተጠቀሙበት ማርሽ ይውረዱ። ሞተሩ ራሱ ይይዝልዎታል፤ ፍሬንን ከኩርባ በፊት በአጭሩ ነክተው በመልቀቅ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ይስጡት። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያ ኃይሉ አብዛኛውን የሚሰጠው የፊት ፍሬን ነውና እርሱን አይፍሩ፤ በድንገት ሳይጨብጡ እንደ ሎሚ ቀስ በቀስ ይጨምቁት። ባለ ሁለት ምት ሞተር የያዙና ዘይቱን ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቅሉ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ፦ የቤንዚን መስጫ እጀታውን ዘግተው ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ፒስተኑ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣለትን ዘይት ያጣል፤ በየጥቂት ጊዜው ፍሪሲዮን ይዘው ቤንዚን ብልጭ በማድረግ ያጠጡት።

ከደንገጎ በላይ መንገዱ ደጋማና ለስላሳ ነው፤ ጃኬትዎን ይቆልፉ። የሐረማያ ሐይቅ የነበረበት ሜዳ ውኃ ይዞ ከሆነ ቆም ብለው ይመልከቱት፤ ለዓመታት ደርቆ የቆየ ሐይቅ ነውና ውኃውን ማየት ለእኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው። አወዳይ ሲደርሱ ባጃጁ፣ ጋሪውና ሰዉ ስለሚበዛ እንደ እግረኛ ይሂዱ። ሐረር ገብተው ሞተርዎን በፈረስ መጋላ አካባቢ ጠባቂ ባለበት ያቁሙና የጁገልን ቀጫጭን መንገዶች በእግርዎ ይዙሩ። ስሙ እንደሚናገረው የፈረስ ገበያ የነበረ ቦታ ነውና መጓጓዣን አቁሞ መግባት ለስፍራው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሲመለሱ

አቧራና ሙቀት የሞተር ሁለት ጠላቶች ናቸው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ከሽኒሌ አሸዋ በተመለሱ ቁጥር የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይመልከቱ። የስፖንጅ ዓይነት ከሆነ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የፊልትሮ ዘይት ተነክሮና ተጨምቆ ይመለሳል፤ በቤንዚን መታጠቡ ስፖንጁን ያበሰብሰዋል። የአነስተኛ ሞተር ሳይክል የዘይት መጠን አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ሲሆን በአብዛኛው ይኸው አንድ ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ያገለግላል። ስለዚህ በዚህ አየር ከ2000 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳያሳልፉ መቀየር ይሻላል። ዕቃው ላይ ዘይቱ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማ መሆኑን የሚያሳየውን ጃሶ ኤም.ኤ. የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ማንሸራተቻ ስላላቸው ፍሪሲዮኑ እንዳይዝ ያደርጉታል። ውፍረቱ የሞተሩ መጽሐፍ የሚፈቅድ ከሆነ 20ደብልዩ50 ለድሬዳዋ ሙቀት ይስማማል።

ከመቀመጫ ሥር ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለጎማው ብሎን የሚሆን ቁልፍ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የውስጥ ጎማ መለጠፊያ ከነማስቲሹና ትንሽ መንፊያ አይጥፉ። ጎሚስታ በአስፋልቱ ዳር ይገኛል፤ ኤረር ሸለቆ ውስጥ ግን ያለዎት እጅዎ ነው። ስለዚህ የኋላ ጎማውን ማውለቅና መመለስ ቤትዎ ግቢ ውስጥ፣ ጊዜ ሳለዎት፣ አንድ ሁለት ጊዜ ይለማመዱ።

ሰንሰለቱ የሚቀባው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ሳይሆን እንደ ተመለሱ፣ ገና ሳይበርድ ነው፤ ሙቀቱ ዘይቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሌሊቱን አድሮም ትርፉ ስለሚንጠባጠብ በማግሥቱ አቧራ አይሰበስብም። በብሩሽና በነጭ ጋዝ ያጽዱት፣ በጨርቅ ያድርቁት፤ ይህን ሁሉ ሞተሩ ጠፍቶ የኋላ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ይሥሩ፤ በሚሠራ ሞተር ላይ የሰንሰለት ጥርስ ጣት ይቆርጣል። ከዚያ ወደ መሐሉ ላይ በጣትዎ ወደ ላይና ወደ ታች ይለኩት። ለአስፋልት ሞተር ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ አሞርዛተሩ ረጅም ለሆነ የጠጠር ሞተር ደግሞ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ጎማውን ሩብ ዙር እያዞሩ በአራት ቦታ ይለኩ፤ አንዱ ቦታ ጠብቆ ሌላው ከላላ ሰንሰለቱ እኩል አልተበላምና ከሚቀጥለው የደንገጎ ጉዞ በፊት ይቀይሩት።